ስምንት ሰዓት የቱ ነው?

ቅዳሜ ዕለት የሶፍትዌር ቴስተሮችን (ፕሮግራም ፈትሸን ስህተቱን የምናወጣ ሰዎች ነን) አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ሰበሰብኩ። ቴሌግራም ላይ 31 ሰው «እመጣለሁ» ብሎ ነበር። የተገኘነው 12 ነን። ዝናብ ነው፣ ታክሲም የለም፤ አልተቀየምኩም።

የተናደድኩት በራሴ ነው። መጥሪያው ላይ «8 ሰዓት» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። አንዷ ልጅ የምትሠራው ከውጭ ድርጅት ጋር ነው፤ ስልኳም ካላንደሯም በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «በሩ ዝግ ነው፤ የት ናችሁ?» እኔ ገና ከአልጋ አልወረድኩም። የሰው ስህተት ስለቅም የምውል ሰውዬ! ከሰዓት ተመልሳ ስትመጣ የማኪያቶዋን ሂሳብ እኔ ከፈልኩ።

ፕሮጀክተር አልነበረንም። አንድ ላፕቶፕ ከበን ቀን የሚሞላበት ፎርም ፈተሽን። ጳጉሜ 6፣ 2015 አስገባን፤ ተቀበለ። ትክክል ነው፣ ያ ዓመት ጳጉሜው 6 ነበር። ጳጉሜ 6፣ 2016 አስገባን። እሱንም ተቀበለ! ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ፎርሙን የሠራው ልጅ አብሮን ተቀምጧል፤ እሱ ብቻ አልሳቀም። ዝም ብሎ ስልኩን አውጥቶ ማስታወሻ ያዘ።

የሚቀጥለው ጥቅምት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በሐበሻ 8 ሰዓት።