ተፈሪ ኬላን በቺክማጋሉር

ባለፈው ታኅሣሥ በደቡብ ሕንድ፣ በካርናታካ ግዛት፣ ከቺክማጋሉር ከተማ ወደ ባባ ቡዳን ተራራ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ስጓዝ ግራና ቀኙ ያለማቋረጥ ቡና ነበር። የአገሬው ሰው እንደሚተርከው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባባ ቡዳን የተባሉ የሱፊ አባት፣ የሚበቅል የቡና ዘር ከየመን እንዳይወጣ በተከለከለበት ጊዜ፣ ከሐጅ ሲመለሱ ሰባት ፍሬ ሸሽገው አምጥተው እዚህ ተከሉ። ሙስሊሙም ሂንዱውም የሚሳለመው ዋሻቸው ዛሬም ተራራው ላይ ይገኛል።

ያስተናገዱኝ አዛውንት ገበሬ ግን ወደ ማሳቸው ሊወስዱኝ ቸኮሉ። ቡናው ያለው በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ በየግንዱም ቁንዶ በርበሬ ተጠምጥሞ ወጥቷል። አንድ የቡና ቅጠል ገልብጠው ሲያሳዩኝ ከሥሩ ብርቱካንማ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ሲያሹትም ቀለሙ ጣታቸው ላይ ቀረ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሕንድን የአረቢካ ማሳዎች ያራቆተው ዋግ ይህ ነው። በፈረንጆች 1925 በባሌሆኑር የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ይህን በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል።

ከዝርያው እኩል ያሳሰበኝ የሽያጩ ታሪክ ነው። በፈረንጆች ከ1940ዎቹ አንሥቶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የገበሬው ሁሉ ምርት በአንድ ቋት ተሰብስቦ ይሸጥ ስለነበር፣ ቀይ እሸት ብቻ መርጦ የለቀመውና ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅሎ ያረገፈው ገበሬ ቡና አብሮ ይደባለቅ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሽያጩ ነፃ ሲሆን ገበሬው ቡናውን በእርሻው ስም ማቅረብ ቻለ፤ በእኔ ግምት የሕንድ ስፔሻሊቲ ቡና (በልዩ ጥራቱ ተለይቶ የሚሸጥ ቡና) እውነተኛ ጅማሬ ይህ ነው፤ የልፋት ዋጋ በማይለይበት ገበያ ጥራት ሊያድግ አይችልምና።

ከሰዓት በኋላ ለቅምሻ ተቀመጥን። ሦስተኛውን ሲኒ ስቀምስ የአበባ መዓዛውና የሎሚ ቃናው የማውቀው ሆነብኝ። ዝርያው ሰሌክሽን 9 እንደሚባል ነገሩኝ፤ አንዱ ወላጁ የአረቢካና የሮቡስታ ቡና ዲቃላ የሆነው የቲሞር ድቅል ሲሆን ሌላው ከኢትዮጵያ የተወሰደ «ታፋሪኬላ» የተባለ ቡና ነው።

«ታፋሪኬላን ያውቁታል?» አሉኝ።

ተፈሪ ኬላ በሲዳማ የምትገኝ ከተማ መሆኗን ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ ቡናው እዚያ በምን ዛፍ ጥላ ሥር እንደሚበቅል ጠየቁኝ። ዋንዛ አልኳቸው፣ ከጎኑም እንሰት። ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ሁለቱንም ስሞች እየደጋገምኩ እንድጠራላቸው አደረጉ፤ ከዚያም የካርናታካ ቋንቋ በሆነው በካነዳ ፊደል ጻፏቸው።