ጳጉሜንና የመብራት እንጨት ላይ የተለጠፉ ወረቀቶች

ደሴ ከተማ ውስጥ 7ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምራለሁ። ልጆቹ ግራፍንም ሆነ በየመንገዱ የተለጠፈ ማስታወቂያን አስተውለው እንዲያነቡ ነው የምጥረው። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የዝናብ ግራፍ በመጣ ቁጥር ከሥሩ የሚከተለው ጥያቄ ያው ነው፦ «ከፍተኛ ዝናብ የተመዘገበው በየትኛው ወር ነው?» ረጅሙን ዓምድ ፈልጎ እግሩ ሥር የተጻፈውን መገልበጥ ነው። ዝናብ አይቶ የማያውቅ ልጅም ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ዘልዬ ተማሪዎቹ ግራፉን ራሳቸው በእኛ አቆጣጠር እንዲሠሩት አደርጋለሁ፤ ጭቅጭቁ ጳጉሜን ላይ ሲደርሱ ይጀመራል።

«በየቀኑ 10 ሚሊ ሜትር ይዘንባል እንበል» እላቸዋለሁ። ነሐሴ 300 ይሞላል። ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ስለሆነች 50 ላይ ትቀራለች። ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ጳጉሜንን ድርቅ የመታት ይመስላል፤ ወዲያው አንዱ ተነሥቶ «ጳጉሜን ላይ ዝናቡ አባርቷል» ይላል። ይህን የሚለው ልጅ በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲወርድ ልብሱን ጥሎ የሚሮጥ ልጅ ነው! ወረቀቱን ሲያይ የገዛ ቆዳው የሚያውቀውን ይክዳል። ከዚያ ክርክር ነው። አንዷ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር እንደባልቃት ትላለች፤ ሌላው ያን ጊዜ ነሐሴ ያለ አግባብ ይረዝማል ብሎ ይቃወማል። የቀን አማካይ ይውጣ የሚል እስኪገኝ ድረስ ጠመኔውን ይዤ ዝም እላለሁ።

በፈረንጆች ወር የተሠራውን ግራፍ ስናይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ወሮቹ በቁጥር ብቻ ከተጻፉ፣ 7 ቁጥርን ልጆቹ መጋቢት ብለው ያነቡታል፤ እሱ ግን ክረምት የሚገባበት ጁላይ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ስህተቱ ቶሎ ይጋለጥ ነበር። ወሎ ውስጥ ግን በመጋቢት የበልግ ዝናብ ስላለ «አዎ፣ በልጉ ነው» ብለው ያልፉታል።

የሕዝብ ቆጠራውን በአጭሩ ነው የማነሣው። በ1987 ዓ.ም. 53.5 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 73.75 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ሁለቱን ዓምዶች አንድ ጊዜ ከዜሮ፣ አንድ ጊዜ ከ50 ሚሊዮን ጀምሬ እሥላቸዋለሁ። በሁለተኛው ሥዕል የ1999ኙ ዓምድ ወደ ሰባት እጥፍ ይረዝማል። ሕዝቡ ግን አንድ ተኩል እጥፍ እንኳን አልሞላም። «መምህር፣ ይህ ማታለል ነው» ይላሉ። ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው፤ የቱ ጋ ነው የተታለላችሁት? ብዬ እተዋቸዋለሁ።

ወደ ማስታወቂያ ወረቀቶች ስንገባ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ የለንም፤ ክፍሉ ደግሞ ጢም ያለ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከፒያሳ፣ ከሸዋ በር፣ ከሙጋድ ገበያ፣ ከመድኃኒት ቤት በርና ከመብራት እንጨት ላይ ያዩትን በእጃቸው ገልብጠው ያመጣሉ። መገንጠል ክልክል ነው። በእጅ መገልበጡ ድህነት ያመጣው ዘዴ ቢሆንም አሁን ኮፒ ማሽን ቢሰጡኝም አልተወውም፤ የሚገለብጥ ልጅ ከታች በደቃቅ ፊደል የታጨቀውን መዝለል አይችልም።

የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አዘገጃጀትን የሚያሳዩ ሥዕሎች ያመጣ ልጅ ነበረ፦ እጅ መታጠብ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ፣ አንድ ሙሉ ፓኬት መጨመር፣ ማማሰል፣ ማጠጣት። ሥዕሎቹ ቁጥር አልነበራቸውም። ከትምህርት ቤት በፊት ቁርኣን የሚቀራው ጓደኛው ከቀኝ ጀምሮ አነበባቸውና መጀመሪያ አጠጣ፣ በመጨረሻ እጁን ታጠበ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ልጁ ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ሊሳቅበት የሚገባው ቁጥር ያልጻፈው ሠዓሊ ነው። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ነጻ የዓይን ምርመራ፣ 8:00» የሚል ወረቀት ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ የሚያውቀው ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው።

የሚከብደኝ የውጭ አገር ሥራ ወረቀት ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ሳዑዲ ወይም ቤይሩት የሄደች እህት ወይም አክስት አለቻቸው፤ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ቀልድ አልፈቅድም። ትልቁ ጽሑፍ «ነጻ ቪዛ» ነው፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር፣ በቃ። የኤጀንሲው ስም የለም፣ የፈቃድ ቁጥር የለም፣ ደመወዝ የለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣውን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 አወጣና አነብላቸዋለሁ፦ የቪዛውን ክፍያና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። እንግዲህ ደላላው እንደ ስጦታ በትልቁ የጻፈው ሕግ ለሠራተኛዋ የሰጣትን ነገር ነው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «እህቴ ለቪዛ ብላ ላም አሽጣለች» አለች። በዚያ ክፍለ ጊዜ ሌላ ወረቀት አላየንም፤ ማን ምን መክፈል እንዳለበት ሰሌዳው ላይ ዘርዝረን ሁሉም ወደ ደብተሩ ገለበጠ፣ ለወላጅ እንዲያነብም ታዘዘ።

የቤት ሥራው መዘዝ አላጣም። በሳምንቱ የአንዱ ተማሪ እናት መጡ። «መምህር፣ ይህን ልጅ ምን አስተማሩብኝ? የዕድሩን የስብሰባ ጥሪ አንብቦ ማኅተም የለውም፣ ፈቃድ የለውም፣ እንዳትሄዱ አለን። አባቱ ቀርቶ ተቀጣ!» ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሳቸውም ተከትለውኝ ሳቁ። «እትዬ፣ ወረቀቱን የጻፈውን ሰው ያውቁታል?» አልኳቸው። «የዕድሩ ጸሐፊ አይደለም እንዴ፤ ጎረቤቴ ነው» አሉ። ልጁን አስጠርቼ ያንኑ ጥሪ ገልብጦ እንዲያመጣ አዘዝሁት። የማክሰኞው ትምህርት፣ ማኅተም የሌለውን ወረቀት መቼ እንደምናምን ይሆናል።