ብድሩ ተፈቀደ ወይ?

ተንበርክከህ አየሁ ከእግሬ ሥር ወድቀህ፣
ስለት ነው ወንድሜ ወይ ብድር ፈልገህ?

ግጥሙ የአዝማሪው አይደለም። ጥግ ላይ ብርሌያቸውን ታቅፈው የተቀመጡ አንድ ቦርጫም ጋሼ ናቸው «ተቀበል!» ያሉት። እሱ ግን መቀበል ብቻ መሰላችሁ? እየደጋገመ፣ መሰንቆውን እያስለቀሰ፣ «ብድር» ላይ ሲደርስ በደጋኑ ወደ እኔ እየጠቆመ! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ካሜራ ይዤ መሬት ላይ።

መንበርከኩ እኮ ሥራ ነው። መሰንቆ ተጫዋች በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሳጥኑን ጉልበቱ መሀል ሸጎጥ አድርጎ ነው የሚጫወተው። ቆማችሁ ቁልቁል ካነሳችሁት ግንባሩ ይገዝፍና መሰንቆው መጫወቻ ያክላል። ሌንሱ የመሰንቆው አንገት አጋማሽ ላይ ትክክል መዋል አለበት። በ24 ሚሊሜትር ሰፊ ሌንስ ተጠግታችሁ ካነሳችሁ ደግሞ ጉልበቱ ከፊቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ 50 ይዞ ትንሽ ራቅ ማለት ነው፣ ቦታው ከፈቀደ 85። የሌንሱ ቀዳዳ በኤፍ 1.8 ሰፋ ብሎ ከተከፈተ ፊቱ ጠርቶ ደጋን የያዘው እጁ ይደበዝዛል፣ ጠበብ ብሎ ኤፍ 4 ላይ ግን ሁለቱም ይጠራሉ። በ1/250 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት ደጋኑ ባለበት ቀጥ ስለሚል ሰውየው ያኮረፈ ይመስላል። 1/60 ላይ ፊቱ ረጋ ሲል ጠብቃችሁ ከተጫናችሁ እጁ ብቻ ይፈስላችኋል። አውታሩ ጥቁር የፈረስ ጭራ ከሆነ ከጎን፣ ትንሽ ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ይፈልጋል፤ ያንን ካጣ ሰውየው እንጨት የሚያክክ ነው የሚመስለው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ማን ያስረዳልኝ?

የሐዋሳን የባህል ቤቶች በሐምራዊ ኤልኢዲ የሞላውንም ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። የመብራታችን ኃይል 50 ኸርዝ ነው፤ ርካሹ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ፈጣን ሻተር ግን ያየዋል፤ ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ያጋድምበታል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ ይጠፋል። ሐምራዊው ግን በምን ይጠፋል? ዋይት ባላንስ፣ የካሜራው ቀለም ማመጣጠኛ፣ ብርሃኑ ውስጥ የሌለ አረንጓዴ አይፈጥርም። ጥቁርና ነጭ አድርጎ መገላገል ነው።

ሐይቁ ከከተማው ምዕራብ በመሆኑ ከ11 ሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞረ ተጫዋች ያለ ፍላሽ ያበራል። ፀሐዩ ገና ጠንካራ ከሆነ የመሰንቆው ቆዳ ይወጠርና ቅኝቱ ይለወጣል፣ እስከዚያ ዛፍ ሥር ማቆየት ነው። ግን አዝማሪ በ11 ሰዓት ማን ያገኘዋል? ተኝቷል።

ብድሩን እንዳልተዋችሁት አውቃለሁ፣ ከተማውም አልተወውም። ያን ምሽት እዚያ የነበረ ባለባጃጅ ፒያሳ ላይ አይቶኝ ጥሩንባውን ነፍቶ «ፎቶ! ተፈቀደልህ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ የሻይ ቤቷ ልጅ፣ «ዋስ አገኘህ?»። ከዚያ አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልት ጎረምሳ፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩኝ። በመጨረሻ ወሬው አከራዬ ጋ ደረሰ። በር ላይ ጠብቀውኝ በሐዘን፣ «ልጄ፣ ሰው እግር ላይ እስክትወድቅ ከምትደርስ ምናለ ለእኔ ብትነግረኝ?» አሉ። አንጀቴ ተላወሰ። ቀጠል አድርገው፣ «እንዲያው ለማንኛውም የሚቀጥለውን ወር ኪራይ አስቀድመህ ስጠኝ።»

ፎቶውስ? ጋሼ በግጥማቸው ረክተው 200 ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉ። ብሯ በላብ እየተንሸራተተች አንድ ዓይኑን ጋረደችው፤ ካሜራው ዓይን ፈልጎ ማጥራቱን ትቶ እሷን አጠራ። የብሯ ቁጥር አንድ በአንድ ይነበባል።

አዝማሪው በማግስቱ ደወለ። «ወንድምዬ፣ ብር ያለበትን ላክልኝ። ሌላውን ተወው።»

«ዓይንህ እኮ አይታይም።»

«ምን አለበት! ይልቅ በኤዲት አራት ጨምርበት።»