ካሪ ነው ስላት «አልጫ ነው» አለችኝ

ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ ሽሮ ሰልችቶኝ የህንዶቹን የአትክልት ካሪ ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ጉልት ወጥቼ ካሮት፣ ድንች፣ ፎሶሊያና አንድ እስር ቆስጣ ገዛሁ። ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፌዋለሁ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላሁ፣ ከዚያ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላል። የኮኮናት ወተቱን እርሱት፣ ዋጋውን ሰምቼ ተመለስኩ።

ጎረቤቴ ሽታው ጠርቷት መጣች። ክዳኑን ከፈት አድርጋ አየችና «ውይ አንቺ፣ ይሄ እኮ አልጫ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ግን ሳህኑ ላይ ያለው ነገር ቀላል አይደለም። 100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ለጾም ቀን ትልቅ ነገር ነው። ካሮቱን ብርቱካንማ ያደረገው ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀየራል፣ ያለ ቅባት ግን በደንብ አይመጠጥም፣ ስለዚህ ዘይት ጠብ ሳይልበት የሚቀቀለው «ጤናማ» አትክልት ብዙም አያስቀናኝም። (እኔ ደግሞ አበዛሁት መሰለኝ፣ እንጀራው ላይ ቢጫ ኩሬ ሠርቶ ነበር።) የሽምብራውን ብረት ለመምጠጥ ቫይታሚን ሲ ያግዛል። እሱ ሙቀት ስለማይችል ሎሚውን የጨመቅኩት ድስቱን ካወጣሁ በኋላ ነው።

በልተን ሳንጨርስ ቡና ካላፈላሁ አለች። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረቱን መመጠጥ ይቀንሳል፣ ትንሽ እንቆይ ብዬ ለመንኳት። «ታዲያ ሎሚሽን ሲኒው ላይ ጭመቂበት!» ብላ ጀበናውን ጣደችው።

ሦስቱንም ጠጣሁ።