ለተራራ ሥራ ቦት ጫማ ስትመርጡ ሶሉን ጫን አድርጋችሁ እዩ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቱሪስት አስጎበኛለሁ። ቦት ጫማ እንጀራዬ ነው። ከጨነቅ ካምፕ ተነስተን ወደ ራስ ደጀን ስንሄድ መጀመሪያ 4,200 ሜትር አካባቢ ያለውን የቧሂት በር እንሻገራለን። ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ዳገቱ ሰውን ያደክማል፤ ጫማ የሚጨርሰው ግን ቁልቁለቱ ነው። ድንጋዩ አፍንጫውን ይልጠዋል፣ ተረከዙን ባንድ ጎን ይበላዋል፣ ጣት የሚታጠፍበትን ቦታ ይሰነጥቀዋል።

ብዙዎቻችን የምንጫማው ከሰልባጅ የገዛነውን ወይም እንግዶች ትተውልን የሚሄዱትን ነው። አንዴ አንድ እንግዳ ሊሄድ ሲል ቦቱን ሰጠኝ። የጎማው ጥርስ ገና አልተነካም፣ ቆዳው ያበራል። መሸሃ ሳንደርስ የግራው ሶል ተገነጠለ፣ ብዙም ሳይቆይ የቀኙ ተከተለ። በበቅሎ ጭነት ገመድ አስሬ ወረድኩ። ደባርቅ ስመለስ ጫማ ሰፊው በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረገና እጄ ላይ አራገፈው። እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ ሆኗል። «ማስቲሹማ አልለቀቀም፤ የሞተው ስፖንጁ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። በጎማውና በቆዳው መሃል ያለው ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሪቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ለእግር ይመቻል፣ ክብደትም ይችላል። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ከውስጥ ይሰባብረዋል። ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም ያው ነው። ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይለበስም ሊያልቅለት ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ ቦት «አዲስ ይመስላል» ቢሏችሁ አትመኑ። ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ከተሰነጠቀ ወይም ጎድጉዶ ከቀረ ተዉት። ምላሱ ሥር የተሰፋች ጨርቅ ካለች ደግሞ የተመረተበት ዓመት ሊገኝባት ይችላል።

የሶል ጎማ የሚሠራው የቪብራም ድርጅት ቢጫ ምልክት ጥሩ ነው፤ ግን የሚነግራችሁ ስለ ታችኛው ጎማ ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው ዙሪያውን ስፌቱ የሚታይ ሶል ነው። እንዲህ ያለውን ጫማ ሰፊ ፈትቶ ሌላ ሶል ይሰፋበታል። ቆዳውም ወፍራም፣ ስፌቱ ጥቂት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ድንጋይ መጀመሪያ የሚበጥሰው ክሩን ነው። በረዶ ላይ ለመውጣት የተሠራው ሶሉ የማይታጠፍ ቦት ለኛ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ለሚራመድ ሰው ስቃይ ነው። ውስጡ ውሃ የማያስገባ ገበር ያለውንም ለክረምት አልወደውም። ውሃ አንዴ በላይ ከገባ ቶሎ አይደርቅም።

ካምፕ ስንደርስ ሁሉም ቦቱን እሳት ዳር ይደረድራል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይላላል። እኔ ጭቃውን አጥቤ፣ የውስጥ ንጣፉን አውጥቼ፣ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ጨርቅ እጠቀጥቅበትና ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ አሳድረዋለሁ። ሊደርቅ ሲል የቆዳ ቅባት፣ በተለይ ስፌቱ ላይ።

ሶል የማስቀይረው ጥርሱ ሙልጭ ሳይል ነው። ጎማው አልቆ ስፖንጁ ከተነካ ጫማ ሰፊው የሚሰፋበት ነገር ያጣል። አንዳንዶች የመኪና ጎማ ያስመታሉ። በጣም ይቆያል፣ ግን ይከብዳል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይም ያንሸራትታል። እንግዳ ይዤ ስወርድ አላደርገውም።