የማያዎችን ዘመን አቆጣጠር እየተማርኩ ነው፦ እስካሁን የደረስኩበት

ስለ ጥንታዊት አሜሪካ የሚጻፈው አብዛኛው ታሪክ ከስፔኖች መርከብ ይጀምራል። ኮርቴስ፣ ፒዛሮ፣ ወርቅ፣ ፈንጣጣ። እንዲህ ሲነበብ የአገሩ ሰዎች የሚታዩት ሲሸነፉ ብቻ ነው። እኔ ከሌላኛው በር መግባት ፈለግኩ። አንድ ሕዝብ መረጥኩ፣ ማያዎችን። ዛሬ ደቡብ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላና ቤሊዝ በሚባለው ምድር የኖሩትንና አሁንም የሚኖሩትን። መጀመሪያ ቀን አቆጣጠራቸውን ልማር፣ ወረራው ከዚያ ይድረስ አልኩ። ለመጀመር ያሰበ ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ ቀላል ነው። ሦስት ምልክት ብቻ አለው። ነጥብ አንድ ነው፣ መስመር አምስት ነው፣ ዛጎል ዜሮ ነው። ሦስት መስመርና አራት ነጥብ 19 ይሆናል። ከዚያ ቤት ይቀየራል። እኛ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት እንደምንለው፣ የነሱ የሃያ ቤት ነው። ከታች ወደ ላይ ይደረደራል። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ለተቀመጠ ሰው አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ቀን መቁጠሪያው ግን ሁለት ነው፣ ጎን ለጎን የሚሄድ። አንደኛው ሃአብ ይባላል፣ 365 ቀን ነው። እያንዳንዳቸው 20 ቀን ያላቸው 18 ወራት አሉት። 360 ሆነ። የቀሩት አምስት ቀናት ለብቻቸው ናቸው፣ ዋዬብ ይባላሉ። እዚህ ላይ ስደርስ ጳጉሜ ትዝ አለችኝ። የሌላ አገር ተማሪ አምስቷ ቀን ግራ ታጋባዋለች፤ ለእኛ ግን ቤታችን ያለች ነገር ናት። ልዩነቱ ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች፣ ዋዬብ ግን ምንጊዜም አምስት ነው። ስለዚህ ሃአብ ከወቅቶቹ ጋር ቀስ እያለ ይተላለፋል። ደግሞም ዋዬብ ሰው የሚፈራው፣ ከቤት መውጣት የማይወደድበት ጊዜ ነበር።

ሁለተኛው ጾልኪን ነው፣ 260 ቀን። 20 የቀን ስሞች ከ1 እስከ 13 ካሉት ቁጥሮች ጋር እየተጣመሩ ይሄዳሉ። ሁለቱ አቆጣጠሮች ተገናኝተው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከ18,980 ቀናት በኋላ ነው፣ ማለትም በ52 ዓመት አንዴ።

ከ52 ዓመት በላይ ለሚሄድ ታሪክ ደግሞ ረጅም ቆጠራ አላቸው። ኪን አንድ ቀን ነው። ዊናል 20 ቀን፣ ቱን 360፣ ካቱን 7,200፣ ባክቱን 144,000 ቀን ነው። መነሻው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3114፣ ኦገስት 11 ላይ ነው። የዚያ ቀን ስም በጾልኪን 4 አሃው፣ በሃአብ 8 ኩምኩ ነበር (ኩምኩ ከዋዬብ በፊት ያለው የመጨረሻው ወር ነው)። 2012 ላይ ዓለም ትጠፋለች ተብሎ የተወራው 13ኛው ባክቱን ስለሞላ ብቻ ነው። ፓሌንኬ በተባለች የማያ ከተማ ያለ ጽሑፍ ግን እስከ 4772 ዓ.ም. አሻግሮ ይቆጥራል።

ትምህርቱ የጣፈጠኝ በራሴ እጅ ማስላት ስጀምር ነው። የፓሌንኬው ንጉሥ ፓካል የተወለደበት ቀን 9.8.9.13.0 ነው። አብረን እንሥራው። 9 ባክቱን 1,296,000፣ 8 ካቱን 57,600፣ 9 ቱን 3,240፣ 13 ዊናል 260። ሲደመር 1,357,100 ቀን። ለ13 ስናካፍለው 4 ይተርፋል፤ በመነሻው 4 ላይ ስንጨምር 8። ለ20 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ስሙ አሃው እንደሆነ ይቀራል። ለ365 ሲካፈል 30 ይተርፋል። ከ8 ኩምኩ ተነስተን 12 ቀን ኩምኩን ይጨርሳል፣ አምስቱ ዋዬብን ያልፋል፣ የቀረው 13 አዲሱን ዓመት አስገብቶ ፖፕ 13 ላይ ያደርሰናል። 8 አሃው፣ 13 ፖፕ። ለልደቱ የጻፉለትም ይህንኑ ነው! ማርች 603 መሆኑ ነው። ፓካል በ12 ዓመቱ ነግሦ፣ 68 ዓመት ገዝቶ በ683 ሞተ። መቃብሩን የሜክሲኮው አርኪዮሎጂስት አልቤርቶ ሩስ በ1952 ከመቅደሱ ሥር አገኘው። ከ1,400 ዓመት በፊት የተወለደን ልጅ ልደት በእርሳስ አስልቶ ማግኘት ልብ ይሞላል።

ወደ ወረራው የመጣሁት ይህን ይዤ ነው፤ ያኔ ሐዘኑ የበለጠ ገባኝ። ቲካልን የመሳሰሉት ትልልቅ ከተሞች ስፔኖች ከመድረሳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ባዶ ሆነው ነበር። ሕዝቡ ግን ነበረ፣ መጻሕፍቱም ነበሩ። ከዛፍ ልጥ በተሠራ፣ ኖራ በተቀባ ወረቀት ላይ ተጽፈው የሚታጠፉ መጻሕፍት። በ1562 ዲዬጎ ደ ላንዳ የተባለ የፍራንሲስካን መነኩሴ ማኒ በተባለች የዩካታን ከተማ ሰብስቦ አቃጠላቸው። ሕዝቡ እጅግ እንዳዘነ የጻፈው ራሱ ላንዳ ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የቀሩት የማያ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው። በብራናዎቻችን የምንኮራ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም።

ነገሩን የሚያወሳስበው፣ የቀንና የወር ስሞቹን ከነምልክታቸው መዝግቦ ያስቀረልንም ይኸው ላንዳ መሆኑ ነው። በ1952 ሶቭየታዊው ዩሪ ክኖሮዞቭ ጽሕፈቱን መፍታት የጀመረው ላንዳ ትቶት በሄደው የፊደል ዝርዝር ተደግፎ ነው። በ1960 ደግሞ ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ ሐውልቶቹ ላይ ያሉት ቀኖች የነገሥታት ልደትና ንግሥ መሆናቸውን አሳየች። ላንዳን ማመስገን አልችልም። ያለ እሱ ጽሑፍ ግን የፓካልን ቀን ማንበብ ይቻል ነበር ብዬም አልዋሽም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የወረራው ርዝመት ነው። የአዝቴኮች ዋና ከተማ በ1521 ወደቀች። በዩካታን ግን የስፔኑ የሞንቴሆ ጦር በ1527 ጀምሮ ደጋግሞ ሳይሳካለት ተመልሷል፤ ሜሪዳ የተመሠረተችው በ1542 ነው። በጓቲማላ ፔተን ሐይቅ መካከል ያለችው ኖህፔተን ደግሞ እስከ 1697 ራሷን ችላ ቆየች። ያኔ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። ከመውደቋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አቬንዳኞ የተባለ መነኩሴ ወደዚያ ሄደ። የካቱን ትንቢቶችን ተምሮ ነበርና የእናንተው ቆጠራ ዘመን የሚለወጥበት ጊዜ ደርሷል ይላል ብሎ ሊያሳምናቸው ሞከረ። የገዛ ባሕረ ሐሳባቸውን ይዞ መጣባቸው። ቃሉ አልበቃም፤ ስፔኖች ሐይቁ ዳር መርከብ ሠርተው፣ መድፍ ጭነው ከተማዋን ያዟት።

ቆጠራው ግን አልተቋረጠም። በጓቲማላ ደጋ የ260ውን ቀን የሚቆጥሩ አዋቂዎች ዛሬም አሉ። ሞሞስቴናንጎ ላይ 8 ባጽ የተባለችው ቀን ስትመጣ በዓል ይደረጋል።

አሁን የነገሥታቱን የስም ምልክቶች መለየት ጀምሬያለሁ። እሱ ከቁጥሩ ይከብዳል፤ አንዱን ቃል በብዙ መልክ ይጽፉታል። ለመለማመድ ለምትፈልጉ የቲካል 29ኛ ሐውልት 8.12.14.8.15 ይላል። 292 ዓ.ም. ነው። ከአሃው ቀጥሎ ያለውን ስም አንድ ብላችሁ ስትቆጥሩ 15ኛው ሜን ነው፤ ፖፕ፣ ዎ፣ ሲፕ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ናቸው፤ የየወሩ ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል። 13 ሜን፣ 3 ሲፕ ከመጣላችሁ ልክ ሠርታችኋል።