ደም ሳይ ብሩሹን ከድዴ አሸሸሁ

የደብረ ብርሃን የጠዋት ውሃ እጅ ይቆርጣል። ጥርስ ሲነካማ አይጣል ነው። እኔም ለዓመታት ቦረሽ ቦረሽ አድርጌ፣ ተጉመጥሙጬ ነበር የምወጣው። አምና ክረምት ምራቄ ላይ ደም ማየት ጀመርኩ። ቁስል አይነካም ብዬ የሚደማውን ቦታ እየዘለልኩ መቦረሽ ያዝኩ።

ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። በዘለልኩት ቁጥር ባሰበት። አንድ ቀን ቆሎ ስበላ የገብስ ገለባ መንጋጋዬና ድዴ መሃል ተሰነቀረ። በስቴኪኒ ስጎረጉረው ዋልኩ። ማታ በመስታወት ሳየው ድዴ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ወዝቶ ያብረቀርቃል። በማግስቱ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሟ የታችኛውን የፊት ጥርሶቼን ጀርባ በመስታወት አሳየችኝ። ቢጫ፣ ሻካራ ነገር። ምላሴ በየቀኑ ይነካዋል፤ እኔ ግን ጥርሴ ነበር የሚመስለኝ። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ በየቀኑ ካልተጠረገ በቀናት ውስጥ ወደ ድንጋይነት ይቀየራል። አንዴ ከደረቀ ብሩሽ አይነቅለውም። ድዱም የሚደማው እዚያ በተከማቸው ባክቴሪያ ስለሚቆጣ ነው። ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ሲባል ሰምቼ እፈራ ነበር። የሚያነቃንቀው ግን ችላ ሲባል ወደ ውስጥ ገብቶ አጥንቱን የሚበላው በሽታ ነው። የእኔ እዚያ አልደረሰም ነበር፤ ድድ ብቻ ሲቆጣ ደግሞ ይድናል።

ጥርሴን አሳጠብኩ። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ገዛሁ። ጠዋትና ማታ በስልኬ ሰዓት 2 ደቂቃ እይዛለሁ። የብሩሹን ፀጉር ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ገደማ አዘንብዬ፣ ሳልጫን፣ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሰዋለሁ። ውሃውን ለብ አደርገዋለሁ፤ ይቺ ነገር ብቻዋን ከጥድፊያ አወጣችኝ። ማታ ማታ በጥርስ ክር መሃል መሃሉን አጸዳለሁ። ክሩ መጀመሪያ ደም በደም ሆኖ ሲወጣ ልተወው ነበር። አልተውኩትም። በሁለተኛው ሳምንት ክሩም ምራቄም ንጹሕ ሆነ።

ሐሳቤ ያለው እማዬ ላይ ነው። የመንዝ ሰው ናት፤ ድዷ በልጅነቷ የተነቀሰ ነው፣ ጥቁር ሰማያዊ። ያምርባታል። ግን ንቅሳት ላይ መቅላቱ እንዴት ይታይ? የሚያጨስ ሰውም እንዲሁ ይታለላል፤ ሲጋራ የድዱን ደም ሥር ስለሚያጠብበው በሽታው እያለ መድማቱ ይቀንሳል። እማዬ ደግሞ ስኳር አለባት። ስኳር ድድን ይጎዳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን አልቆጣጠር እንዲል ያደርገዋል። ባለፈው ስሄድ ከታች ሁለት ጥርሶቿ ይወዛወዛሉ።

«ዕድሜ ነው ልጄ» አለችኝ።

«ዕድሜ አይደለም እማዬ፤ በሽታ ነው። የተበላው አጥንት ባይመለስም የቀረውን ማትረፍ ይቻላል» አልኳት።

የወይራ መፋቂያዋን ጣዪው አላልኳትም። ጫፉን እንደ ብሩሽ እስኪልም እንድታኝከው፣ ድዷን አጥብቃ እንዳትፈትግ ነው የነገርኳት፤ ኃይል ሲበዛ ድድ ይሸሻል። ሐሙስ ደብረ ብርሃን ትመጣለች። ቀጠሮ ይዤላታለሁ።